ባዶ ነው የተባለው ሽጉጥ

ሳጅን ሽጉጣቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ፎጣውን በፌስታል ከተው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የልጃቸውን ቤት አንኳኩ። ላያቸው ሰው ዳቦ ገዝተው የሚመለሱ ይመስሉ ነበር። በሩን የከፈተላቸው የልጃቸው ባል ነው። ሰዓት ሠሪ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ የተረፈውን ሥራ ቤቱ ይጨርሳል። ሚስቱ ነርስ ስትሆን በዚያ ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተረኛ ነበረች።

«ብቻህን ነህ?» አሉት ገና ደጃፍ ላይ ሳሉ።

«ብቻዬን ነኝ አባባ፣ ይግቡ።»

«ደህና። እሷ እንድትሰማ አልፈልግም።»

ሰዓት ሠሪው መንገድ ለቀቀላቸው። አማቱ በሚስጥር መጥተውበት አያውቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት በፖሊስነት አገልግለው ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ሰፈሩ ግን እስከዛሬ ሳጅን ይላቸዋል፤ እሳቸውም እስከዛሬ የሚናገሩት እንደ ትእዛዝ ነው። በሥራ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን የሰዓት ጥርሶች በክንዳቸው ገፋ አድርገው ፌስታሉን አስቀመጡ። ፎጣውን ሲገልጡት ሽጉጡ ጥቁር ሆኖ ጋደም ብሏል። አጠገቡ በትንሽ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ነበር።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ የፈቃድ እድሳት አለ» አሉ። «ዒላማ ያስተኩሱናል። ይቺ የፊቷ ማነጣጠሪያ ጥቁር ናት፣ ሰሌዳው ጥቁር ነው፣ ጥቁር በጥቁር ላይ ለማን ይታያል? ለወጣትም አይታይ። ይሄኛው ነጭ ነጥብ አለው።» ወረቀቱን ፈቱት። ከጥፍር የማይበልጡ ሁለት ብረቶች ወጡ፤ አንዱ ባለ አንድ ነጥብ፣ አንዱ ባለ ሁለት። «አሮጌዎቹን አውጥተህ እነዚህን ትተክልልኛለህ። አንተ የሰዓት አንጀት የምትበረብር ሰው፣ ይሄ ለአንተ ምንህ ነው?»

«ፖሊሶቹ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ባለሙያ የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው። ለምን ትቀይራለህ ብለው የሚጠይቁ ባለሙያዎች።»

ሰዓት ሠሪው የዚህ ነገር ትርጉም ገብቶታል። የሳጅን ዓይን እየደከመ መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው አጠገብ ያፈሳሉ። ባለፈው ወር መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ካፖርትን «እንዴት ዋልክ ጎረምሳው» ብለው ሰላም ካሉት በኋላ፣ መልስ ሲያጡ «የዘንድሮ ልጅ ሰላምታ እንኳ አያውቅም» ብለው አልፈዋል። የሳቀ አልነበረም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ ያ ቤት በዚህ ተረት የሚተዳደር ቤት ነው።

«እሺ» አለ ሰዓት ሠሪው። እንዴት እምቢ ይባላል? ልጃቸውን የሰጡት ሰው ናቸው።

«መጀመሪያ ባዶ እናደርጋታለን።» ሳጅን ሽጉጡን አንስተው የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ በኃይል ሳቡት። ቀጭ! አንዲት ጥይት ብድግ ብላ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለችና መሬት ወረደች። ብረቱ ተወንጭፎ ወደ ፊት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ካዝናውን ከእጀታው ሥር መዘዙት፤ ከነጥይቶቹ ፎጣው ላይ አኖሩት። «ይኸው። ባዶ ናት።»

ሰዓት ሠሪው ስለ ሽጉጥ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለ ሞላ ግን ያውቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያደረው፣ አንዱ ሲሳብ ሌላው የሚገፋበትን፣ አንዱ ጥርስ ሲወጣ ሌላው የሚገባበትን ነገር ሲያይ ነው። አሁን የሆነውን በልቡ መልሶ አዞረው። መጀመሪያ ብረቱ ተሳበ፤ ጥይት ወጣ። ብረቱ ወደ ፊት ተመለሰ። ካዝናው ግን ያን ጊዜ ገና ውስጥ ነበር። ታዲያ ብረቱ ሲመለስ ባዶ እጁን ለምን ይመለሳል?

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ያ ብረት ሲመለስ ሌላ አይጎርስም?»

ሳጅን ቀና አሉ። ዓይናቸው ላይ ስስ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። «ማንን ነው የምትጠይቀው?»

«አይ፣ እኔ እንኳ ሥራውን ስለማላውቀው ነው።»

«ይኸውልህ!» ብረቱን ትንሽ ሳብ አድርገው ቀዳዳውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው አዩ። «ጨለማ ነው። ምንም የለም። ፈሪ ለእናቱ፣ ይባል የለ!» ብለው ለቀቁት።

«እስቲ እኔም ልይ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ድረስ ደረሰ። አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው፤ ዝቅ አድርጎ በአንድ ትንፋሽ አይቶ መገላገል ይችል ነበር። ግን ማየት ማለት ሰውየውን «አንተ አታይም» ማለት ነው። ይህን ደግሞ በዚያ ቤት ተናግሮ የሚያውቅ የለም። ቃሉን ከምራቁ ጋር ዋጠው።

ሽጉጡን በወፍራም ቆዳ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ በተገጠመው የብረት መቆንጠጫ፣ በሞርሳው፣ ሊያስረው ሲል አዲስ ችግር መጣ። አፈሙዙ ወዴት ይዙር? ወደ መስኮቱ ቢያዞረው መንገድ ነው፣ ሰው ይተላለፋል። ወደ ራሱ ቢያዞረው ሆዱ ነው። ሦስተኛው አቅጣጫ ግድግዳው ነው። ያ ግድግዳ ደግሞ ግድግዳ ለመባል ያህል ነው እንጂ ጣውላ ነው፤ የድሮው ትልቅ ቤት ለሁለት ሲከፈል የተመታ። ከጀርባው ልብስ ሰፊዋ ትኖራለች። የስፌት መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ ሲንተከተክ ይሰማል፤ አሁንም ይሰማል። በመጨረሻ ሞርሳውን ፈትቶ ጠረጴዛው ጥግ ላይ መልሶ አሰረው፤ አፈሙዙን ወደ ጓዳው የድንጋይ ግንብ አዞረው።

«ቤት እየቀየርክ ነው እንዴ?» አሉ ሳጅን።

«ብርሃን ፈልጌ ነው።»

ከዕቃው ጋር የመጣውን ባለ ሥዕል ወረቀት ዘርግቶ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሳጅን ሳቁበት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! በለው እንጂ በመዶሻ!»

የኋላው ማነጣጠሪያ በጎድጓዳ ቦይ ውስጥ ተሸጉጦ የተቀመጠ ነው። በሁለቱም በኩል ጠብታ ዘይት አደረገበት። የት ላይ እንደተቀመጠ በሹል እርሳስ ምልክት አደረገ። ከዚያ ለስላሳ የነሐስ ዘንግ ከግራ በኩል ደገፈና በትንሿ መዶሻ ነካ አደረገው። ጠቅ። ዓይኑን ጨፈነ። ምንም አልሆነም። ጠቅ። እንደገና ጨፈነ። በየምቱ ትከሻው ወደ ጆሮው ይሸሻል። ሆዱን ወደ ኋላ ስቦ፣ ክንዱን እንደ ሰንበሌጥ አርዝሞ፣ ራሱን አዙሮ ነው የሚመታው።

«ሰዓት እንዲህ እያየህ ነው የምትሠራው?»

«ሰዓት አይተኩስም አባባ።»

«ይቺም አትተኩስም አልኩህ።»

አሮጌው ማነጣጠሪያ ፀጉር በፀጉር እየተንሸራተተ ወጣ። አዲሱ አልገባ አለ፤ እግሩ ትንሽ ይወፍራል። በወረንጦ ይዞ በደቃቅ ሞረድ ሁለት ጊዜ ፈግፈግ፣ ለካ፤ አንድ ጊዜ ፈግፈግ፣ ለካ። ይሄ የሚያውቀው ሥራ ስለሆነ ለጥቂት ደቂቃ ፍርሃቱን ረሳው። ከዚያ ግን መልሶ ወደ ቦዩ ማስገባት አለና፣ መልሶ መምታት አለ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ጠብ ሲል ቆዳው ላይ ያረፈበትን ድምፅ ሰማው። የፊተኛውን ሲቀይር ደግሞ እጁ ከአፈሙዙ አንድ ጣት ርቀት ላይ ሆነ። በቀኝ እጁ መምታት ተወና በግራው ይመታ ጀመር፤ ከሁለቱ አንዱ መሄዱ ካልቀረ ግራው ይሂድ ብሎ ነው።

ሁሉም አልቆ ግራና ቀኙን በመለኪያ አስተካክሎ ከሞርሳው ሲፈታው ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቶ ነበር። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

ሳጅን ተቀብለው ወደ በሩ ጥግ ሄዱ። ሽጉጡን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት ዘረጉት። ፊታቸው በራ፤ የስድስት ዓመት ልጅ መሰሉ።

«ታየኝ!» አሉ። «ልጄ፣ ሦስቱም ታየኝ! ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ!»

የሚያነጣጥሩት በጣውላው ላይ የተሰቀለ አንድ ክብ ሰዓት ላይ ነው።

«አባባ፣ በዚያ በኩል አይሁን። ከጀርባው ሰው አለ።»

«በባዶ ሽጉጥ?»

ምላጩን ሳቡት።

ሰዓት ሠሪው ድምፁን አልሰማውም ማለት ይቻላል፤ ደረቱ ላይ ተመታ እንጂ። ክፍሉ በጭስና በአቧራ ሞላ። የጥይቱ ቀለህ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ እየዞረ ነበር። ክቡ ሰዓት አልተነካም፤ ከእሱ አንድ ስንዝር ወረድ ብሎ ጣውላው ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል። ጆሮው ውስጥ ረጅም ፉጨት ነበር። ፉጨቱ ቀስ እያለ ሲቀንስ ሌላ ነገር ተሰማው፤ ወይም አልተሰማውም።

የስፌት መኪናው ቆሟል።

«እትዬ!» ብሎ ወደ ጣውላው ጮኸ። «እትዬ!»

መልስ የለም።

ሳጅን ሽጉጡን እንደዘረጉ ቀርተዋል። «ባዶ ነበረች» አሉ። «አይቻታለሁ። ባዶ ነበረች።»

እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጣ። የልብስ ሰፊዋ በር በሌላኛው መንገድ ስለሆነ በአጥሩ ዞሮ መሄድ ግድ ነው፤ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ያን ቀን ግን አላልቅ አለው። ወንጀለኛው እኔ ነኝ ይላል በልቡ፤ አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ምን ይላል አሁን? ለማን ነው የሚናገረው? ልብስ ሰፊዋ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጆቿ ሩቅ ናቸው። ሬሳዋን የሚያነሳው ማነው?

በሩ ላይ ሲደርስ ደርቆ ቀረ። ደረጃው ላይ ነጭ ጫማ ተቀምጧል። ማሰሪያ የሌለው፣ የቀኙ ተረከዝ ወደ ውጭ የተበላ፣ አፍንጫው ላይ የአዮዲን ነጠብጣብ ያለበት። የሚስቱ ጫማ ነው። እሷ እኮ ሥራ ላይ ናት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተረኛ ናት። ይህን ሦስት ጊዜ ለራሱ ነገረ፤ ጫማው ግን እዚያው ነው።

በሩን አላንኳኳም፤ በትከሻው ገፋው።

ልብስ ሰፊዋ በመኪናዋ ሥር ተኮራምታ በሁለት እጇ ራሷን ይዛለች። ወለሉ በሙሉ የመስታወት ስብርባሪ ነው። ግድግዳው ላይ የቆመው ትልቁ የመለኪያ መስታወት የለም፤ ባዶ የእንጨት ፍሬም ብቻ ቆሟል። ከፍሬሙ ፊት ለፊት፣ ግማሽ የተሰፋ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቃ፣ ሚስቱ ቆማለች። ባዶው ትከሻዋ ላይ ደም አለ።

«አትንቀሳቀስ» አለችው። የሥራ ድምጿ ነበር፤ አልጋ አጠገብ የምትናገርበት። «ባዶ እግርህን ነህ። መስታወት አለ።»

«ተመታሽ?»

«መስታወቱ ነው የቆረጠኝ። ትንሽ ነው። እትዬ፣ ይነሱ፣ ምንም አልሆኑም፤ አይቻለሁ ምንም የለም።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ምን ፈነዳ? የኛ ቤት ነው የፈነዳው?»

«አባትሽ... ሽጉጡን...»

ነገሩን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ተራዋን ቀይራ ቀደም ብላ እንደወጣች፣ ቀሚሷን ለክታ ወደ ቤት ልትሄድ እንደነበር፣ ይሄን ሁሉ የነገረችው በኋላ ነው። ያን ጊዜ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ሽጉጡ አሁን የት ነው?»

«እሳቸው እጅ።»

«ማን አብሯቸው አለ?»

ሰዓት ሠሪው ያኔ ነው የነቃው። ሰው ገድያለሁ ብለው የሚያስቡትን ሽማግሌ፣ ጥይት ከሞላበት ካዝና ጋር፣ ብቻቸውን ትቷቸው መጥቷል።

ሚስቱ በአንድ እጅጌዋ፣ መርፌዎቹ ቀሚሱ ላይ እንደተሰኩ፣ በባዶ እግሯ በስብርባሪው ላይ ሮጠች። ተከተላት። ልብስ ሰፊዋም ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ከኋላ መጣች።

የሥራ ክፍሉ በር ከውስጥ ተቆልፏል።

«አባዬ!»

ከውስጥ ቀጭ! ብረቱ ሲሳብና ሲመለስ የሚሰማው ያ ድምፅ። ሰዓት ሠሪው የበሩን እጀታ በኃይል ነቀነቀ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ! ክፈት!»

«አንቺ ሥራ ላይ ነሽ» አለ የሳጅን ድምፅ። የወትሮው ድምፅ አይደለም፤ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «ሴትዮዋስ?»

«ደህና ናት! ማንም አልሞተም!»

«አታታልሉኝ። መኪናዋ ቆሟል። ጆሮዬ ይሰማል እኮ።» ቀጭ!

ሚስቱ ግንባሯን በሩ ላይ ደገፈች። የሥራ ድምጿ አልቆ ነበር። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ሁለቱንም በክርኗ ገፋ አድርጋ በሩን በጡጫዋ ደበደበችው።

«ስሙኝ ሳጅን! መኪናዬን ያቆምኩት ከሥሩ ተደብቄ ስለነበር ነው! ታዲያ በጥይት መካከል ልስፋ? መስታወቴን ዱቄት አድርገውታል፤ አሁን ይክፈቱና መጥረጊያ ይዘው ይምጡ!»

ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከቀዳዳው ስቶ ብረት ሲነካ ተሰማ፤ በሦስተኛው ገባ። በሩ ተከፈተ።

ሳጅን ሽጉጡን በመዳፋቸው ላይ እንደ ቆሰለ ወፍ ይዘውታል፤ አፈሙዙ ወደ ወለሉ ነው። ካዝናው ከኋላቸው ፎጣው ላይ እንዳለ አለ። ጉንጫቸው እርጥብ ነበር። ከሦስቱ የትኛው የት እንደቆመ በደንብ አልለዩም፤ ወደ ሰዓት ሠሪው ትከሻ አቅጣጫ ተናገሩ።

«ደጋግሜ ሳብኳት» አሉ። «ባዶ ትሁን አትሁን አይታየኝም ልጄ። ቅድምም አልታየኝም ነበር። እይልኝ።»

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ዝቅ አደረገ። ብረቱን እንዴት ወደ ኋላ ስቦ እንደሚይዝ ሳጅን በቃል እየነገሩት ያዘው። አየ። አላመነም፤ ትንሹን ጣቱን ከቶ ዳሰሰ። ጣቱ ጥቀርሻ ነክቶ ወጣ።

«አሁን ባዶ ነው አባባ» አለ።

ሚስቱ አባቷን አቅፋ መሬት ተቀመጠች። ደሙ ሸሚዛቸውን ነካው፤ እርጥበቱን ሲዳስሱ «ይሄ ምንድነው?» አሉ፤ የነገራቸው ግን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሳጅን ራሳቸው ጣቢያ ሄዱ። ሰዓት ሠሪው ክንዳቸውን ይዞ ወሰዳቸው፤ ካወቃቸው ጀምሮ ክንዳቸውን ሲያስይዙ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሽጉጡን፣ ካዝናውን፣ ከጠረጴዛው ሥር የተገኘችውንም ጥይት አስረከቡ። ሁለት ሌሊት ጣቢያ አደሩ። ሰዓት ሠሪውም ያለ ፈቃድ መሣሪያ ነካክተሃል ተብሎ ቃሉን ሰጠ፣ ተገሠጸ፣ ፈረመ። የሳጅን የሽጉጥ ፈቃድ ተሰረዘ። ከወር በኋላ ሐኪም የሳጅንን ዓይን አይቶ ሞራ ነው፣ ይነሣል አለ። የቀኙ ተነሣላቸው። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ ፊቷን ትኩር ብለው አይተው «እንዲህ ወጣት ነሽ እንዴ?» አሏት፤ «ሞራዎን በደንብ አላነሡልዎትም» ብላ መለሰች።

የሰዓት ሠሪው ሚስት ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባሏን ስምንት ቀን አላነጋገረችውም። ደህና አደርክ፣ እራት ቀርቧል፣ ከዚህ አያልፍም። በዘጠነኛው ቀን ትከሻዋ ላይ ያለውን ፕላስተር እንዲቀይርላት ጀርባዋን ሰጠችው። እያነሣላት ሳለ ሳትዞር ጠየቀችው።

«ጠርጥረህ ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። ሽጉጥ አላውቅም ቢላት ያሳምን ነበር።

«ጠርጥሬ ነበር። አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ ሲቆጡኝ ተውኩት። ባየው ኖሮ ይታየኝ ነበር።»

«ለምን አላየህም?»

«ይቀየሙኛል ብዬ።»

ቁስሉ ደርቋል፤ የጣት ጥፍር የምታህል ቀይ መስመር ሆኗል። አዲሱን ፕላስተር ለጠፈው። ሚስቱ ሸሚዟን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዘጋች።

«እኔም ዓይኑ እንደጠፋ ካወቅኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል» አለች። «ነርስ ነኝ እኮ።»

ከዚያ በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።